ሽጉጡን ተወው፣ ካኖሊውን ያዝ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም ከተሞች ስለ «ዘ ጎድፋዘር» የደረሱን ደብዳቤዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ለዚሁ ፊልም ሰጥተነዋል። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ከማሪዮ ፑዞ ልብ ወለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1972 ለእይታ ያበቃው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚኖረውን የኮርሊዮኔን የወንጀል ቤተሰብ ታሪክ የሚተርክ ፊልም ነው። ገና ያላያችሁት ብትኖሩ አስቀድማችሁ እዩት፤ ከዚህ በታች ማን እንደሚሞት ሳንደብቅ ነው የምንጽፈው።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ውስጡ ረቂቅ ቀልድ አለበት» ይሉኛል። እኔ የማየው ግድያና ሐዘን ብቻ ነው። ቀልዱ የቱ ጋ ነው? (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በዚህ ፊልም ውስጥ አስቂኝ ነገር ተናግሮ ሰው እስኪስቅለት የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ እንዳይፈልጉ። ቀልዱ ያለው ገዳዮቹ ስለ ግድያም ስለ ምሳም በአንድ ዓይነት ድምፅ በመናገራቸው ላይ ነው። ፊልሙ ራሱ ፈገግ አይልም፤ ካሜራው አይጠቁምም፤ ሙዚቃውም «እዚህ ጋ ሳቁ» አይልም። ስለዚህ ተመልካቹ ራሱ ካልያዘው ያመልጠዋል።

አንዱን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። ፖሊ ጋቶ የቤተሰቡ ሹፌር ነው። የቤተሰቡ አለቃ ዶን ኮርሊዮኔ መንገድ ላይ በጥይት የተመታ ዕለት ፖሊ ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቷል። ከዳተኛ መሆኑ ታውቋል፤ እንዲገድለው የታዘዘው ክሌሜንዛ የሚባለው ወፍራሙ የቤተሰቡ ሰው ነው። ጠዋት ክሌሜንዛ ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱ ካኖሊውን እንዳይረሳ ታሳስበዋለች። ካኖሊ የሲሲሊ ጣፋጭ ነው፤ እንደ ቧንቧ ተጠቅልሎ በዘይት በተጠበሰ ቂጣ ውስጥ በስኳር የተለወሰ፣ ከእኛ አይብ ጋር የሚቀራረብ ለስላሳ አይብ ይሞላበታል። ፖሊ መኪናውን ወደ ኋላ ሊያወጣ ሲል ክሌሜንዛ «ልጆቹን እንዳትገጭ ተጠንቀቅ» ይለዋል። ከኋላ የተቀመጠውን ሮኮን ደግሞ «ወዲያ ጠጋ በል፣ ስፖኪዮውን ጋረድከው» ይለዋል።

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ ይበሉ። ለሰፈር ሕፃናት የሚጠነቀቀው ሰው ይህን መኪና የሚነዳውን ልጅ ሊያስገድል ነው የሚሄደው። ለስፖኪዮው የተጨነቀውም ሹፌሩ መንገዱን በደንብ እንዲያይ ነው፤ ተኳሹ ግን ከዚያው ከኋላ ወንበር ላይ ነው ያለው። ሰው በመጀመሪያ እይታው ይህን አይሰማውም፤ የማንኛውም ቀን የመኪና ወሬ መስሎት ያልፈዋል። በሁለተኛው እይታ ነው ፊት ላይ ፈገግታ የሚመጣው፣ ወዲያው ደግሞ ደስ የማይል ስሜት የሚከተለው።

ከከተማው ወጣ ብለው፣ ረጅም ሣር በነፋስ የሚወዛወዝበት፣ የነጻነት ሐውልት ከሩቅ የምትታይበት ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ክሌሜንዛ ሽንቱን ሊሸና ይወርዳል። ጀርባውን ለመኪናው እንደሰጠ ተኩሱ ይሰማል። አይደነግጥም፣ አይዞርም፣ ጉዳዩን ጨርሶ ሱሪውን ያስተካክላል። ተመልሶ መጥቶ ለሮኮ «ሽጉጡን ተወው» ይለዋል፤ ትንሽ ዝም ብሎ «ካኖሊውን ያዝ»። ሮኮ ከሬሳው አጠገብ ነጩን ካርቶን አንሥቶ ይሰጠዋል።

በፊልሙ ጽሑፍ ላይ የነበረው ስለ ሽጉጡ የሚናገረው ብቻ ነው፤ የካኖሊውን የጨመረው የክሌሜንዛ ተዋናይ ሪቻርድ ካስቴላኖ ነው። ያለዚያ ጭማሪ ትዕይንቱ አንድ ተራ ግድያ ይሆን ነበር። በጭማሪው ግን የሰውዬው ሙሉ ሕይወት ወለል ብሎ ይታያል፦ ሚስት አለችው፣ አደራ አለበት፣ አደራውንም ይወጣል። ታማኝ ባል ነው። ነፍሰ ገዳይም ነው። ሁለቱ እርስ በርስ አይጋጩበትም፤ የሚያስቀውም የሚያስፈራውም ይኸው አለመጋጨቱ ነው።

ስለዚህ እንደገና ሲያዩ ግድያውን አይጠብቁ። ከግድያው በፊት ያለውን ተራ ወሬ ያዳምጡ፤ በተለይ ስለ ምግብ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ የሚባለውን። በዚህ ፊልም ሰው ሊሞት ሲል አጠገቡ ያሉት ስለ ቤት ጉዳይ ያወራሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ገና ፊልሙ ሲጀምር፣ ያ ሰውዬ ስለ ተደበደበች ልጁ እያለቀሰ ሳለ ይስቃል። ጭካኔ መስሎኝ ተቆጣሁት። እሱ ደግሞ «የሳቅኩት በልጅቷ አይደለም፣ በቡናው ነው» አለኝ። ምን ማለቱ ነው? (ከሞጣ)

መልስ፦ ባለቤትዎ በትክክለኛው ቦታ ነው የሳቁት።

ቦናሴራ የሚባለው ሰው ልጁን ሁለት ወጣቶች ደብድበው ፊቷን አበላሽተውበታል፤ ፍርድ ቤት ፈርዶባቸው ቅጣቱን ስላገደው በዚያው ዕለት ወደ ቤታቸው ሄዱ። በቀል ፈልጎ በዶኑ ሴት ልጅ ሠርግ ቀን ዶኑ ዘንድ መጥቷል። ዶኑ ድመት እያሻሸ ያዳምጠዋል። ከዚያ የሚመልስለት ስለ ልጅቷ አይደለም፤ ወቀሳ ነው። ቤትህ ለአንድ ስኒ ቡና የጠራኸኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም፣ ሚስቴ እኮ የአንድያ ልጅህ የክርስትና እናት ናት ይለዋል።

ይህን ቦታ ከአሜሪካዊ ተመልካች ይልቅ የሞጣ ሰው በተሻለ ይረዳዋል ብለን እናምናለን። አበልጅ ሆኖ ቡና አለመጠራራት ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ማብራሪያ አይጠይቅም። ዶኑ በእርግጥ ተቀይሟል፤ አላስመሰለም። ቀልዱ ያለው በመጠኑ መዛባት ላይ ነው፦ አንዱ ሰው እንዲገደልለት ይለምናል፣ ሌላው ቡና ስላልተጠራ አኩርፏል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የበለጠ ክብደት ያገኘው ኩርፊያው ነው። ቦናሴራ እጅ ስሞ «ጎድፋዘር» (የክርስትና አባት) ብሎ እስኪጠራው ድረስ ነገሩ አይፈታም።

አንድ የሚያመልጥ ነገር እንጨምርልዎ። ቦናሴራ መተዳደሪያው ሬሳ ማዘጋጀት ነው፤ አስከሬን አጥቦ፣ ቁስሉን ሸፍኖ፣ አልብሶ ለስንብት የሚያቀርብ ድርጅት አለው። እኛ ዘንድ አስከሬን የሚገንዙት ዘመድና የሃይማኖት አባቶች ስለሆኑ ይህ ሥራ እንደ ንግድ አይታየንም፣ ተመልካቹም ልብ ሳይለው ያልፋል። ዶኑ ግን «አንድ ቀን ውለታ እጠይቅህ ይሆናል» ሲለው ለሬሳ አዘጋጅ ነው የሚናገረው። ውለታው ኋላ ሲጠየቅ የዶኑ የበኩር ልጅ የሶኒ በጥይት የተበሳሳ ሬሳ ነው የሚመጣው፤ እናቱ በዚህ ሁኔታ እንዳታየው አድርገህ አስተካክለው ይለዋል። እዚያ ጋ ሳቅ የለም። በመጀመሪያው ትዕይንት ፈገግ ያለ ሰው እዚህ ሲደርስ ፈገግታው ይከብደዋል፤ ኮፖላም በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ርቀት የተወው ለዚህ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ሉካ ብራዚ ሠርጉ ላይ ለብቻው ተቀምጦ የሚያጉተመትመው ምንድን ነው? ጸሎት ነው? (ተማሪ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ የምርቃት ንግግር እየሸመደደ ነው። ለዶኑ የሙሽሮቹ የመጀመሪያ ልጅ ወንድ ይሁን የሚል ምኞት ሊያቀርብ ነው፤ እንዳይሳሳት ይለማመዳል። እዚያው ትዕይንት ላይ የዶኑ ልጅ ማይክል ለፍቅረኛው ለኬይ ይህ ሰው የአንዱን የሙዚቃ ቡድን መሪ ጭንቅላት ላይ ሽጉጥ ደግኖ ውል እንዳስፈረመው ይነግራታል። አስፈሪው ሰው ግን አለቃው ፊት እንደ ፈተና ተማሪ ይንተባተባል። የሉካ ተዋናይ ሌኒ ሞንታና ትግል ተጫዋች የነበረ ሰው ነው፤ ዶኑን ከሚጫወተው ከማርሎን ብራንዶ ፊት ሲቆም በእርግጥ ይደነግጥ ስለነበር ኮፖላ የልምምዱን ትዕይንት የጨመረው መንተባተቡን ለፊልሙ ሊጠቀምበት ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ። ክሌሜንዛ ለማይክል የሚያሳየው ሱጎ በእርግጥ የሚሠራ ነው ወይስ ለፊልም ያህል ነው? ለሃያ ሰው ቢሠራ መጠኑ ስንት ይሆናል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በደንብ ይሠራል፤ እኛ እንዲያውም የሱጎው ትዕይንት ከካኖሊው የረቀቀ ነው ባዮች ነን።

ክሌሜንዛ በቅደም ተከተል የሚናገረው ይህን ነው፦ ትንሽ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት ጠበስ፣ ቲማቲም፣ የቲማቲም ድልህ፣ እንዳይዝ እያማሰሉ መጥበስ፣ ሲፈላ ቋሊማና የሥጋ ድቡልቡል መጨመር፣ ጥቂት ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ጥቂት ስኳር፤ «ዘዴዬ እሷ ናት» ይላል ስለ ስኳሯ። መጠን አይናገርም። ለሃያ ሰው እኛ የምንመክረው፦ ዘይት 2 የቡና ስኒ፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ሙሉ ራስ በስሱ የተከተፈ፣ ተልጦ የተፈጨ የበሰለ ቲማቲም 4 ኪሎ፣ ድልህ 400 ግራም፣ ሥጋ በድምሩ 2 ኪሎ ተኩል፣ ቀይ ወይን ጠጅ አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ። ቋሊማ ካላገኙ ሁሉንም የተፈጨ የበሬ ሥጋ አድርገው ያድቦልቡሉት።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከወርቃማ ካለፈ ይመርራል፣ ምሬቱንም ስኳር አያነሣውም፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ድልሁ ስኳር ስላለበት ድስቱ ታች ፈጥኖ ያራል፤ እሳቱን ቀንሰው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ያማስሉት። ሦስተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው፤ ደጋ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በደብረ ማርቆስ ከፍታ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የውጭ መጽሐፍ 1 ሰዓት በቃው ቢል እናንተ ወደ 1 ሰዓት ተኩል አድርሱት፤ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል ማለት ነው።

ስለ ቀልዱ ደግሞ ይህን ያስቡ። ሱጎው የሚሠራው ቤተሰቡ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ወንዶቹ በተሰበሰቡበት ቤት ነው። ክሌሜንዛ «ለሃያ ሰው ማብሰል የሚያስፈልግህ ቀን ሊመጣ ይችላል» ብሎ ማይክልን ያስተምረዋል። ሶኒ መሐል ገብቶ «ወሬውን ተወውና ፖሊ እንዴት ሆነ?» ሲለው፣ ክሌሜንዛ ማማሰያውን ሳይለቅ «ፖሊ? እሱን ከእንግዲህ አታየውም» ይላል። በቃ። ወደ ድስቱ ይመለሳል።

ትንሽ ቆይቶ ያው ክሌሜንዛ፣ ያው ተማሪ፣ ሌላ ትምህርት ይጀመራል። ለማይክል ሽጉጥ ይሰጠዋል፤ መያዣውና ምላጩ የጣት አሻራ እንዳይቀር በልዩ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ድምፁ ከፍ ያለ እንዲሆን የተወው አላፊ አግዳሚውን እንዲያስበረግግ መሆኑን ያስረዳል። ከተኮስክ በኋላ እጅህን ወደ ጎን ጣል አድርገህ ሽጉጡን ልቀቀው፣ ሰው ገና የያዝከው ይመስለዋል ይለዋል። ድምፁ የሱጎው ድምፅ ነው፦ የታጋሽ ሽማግሌ፣ ሙያውን የሚወድ ሰው ድምፅ። የመጀመሪያው ትምህርት እውነተኛና ጥንቅቅ ያለ መሆኑ ሁለተኛውን ያከብደዋል። የሱጎው አሠራር የውሸት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይወድቁ ነበር።

ጥያቄ፦ የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሰው ሲሞት መሳቅ ነውር አይደለም ወይ? ደግሞስ ይህ ነገር ከቅኔው ሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል ማለት ይቻላል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር። የሚመሳሰለው ከሰምና ወርቁ ይልቅ ከውስጠ ወይራው ነው እንላለን። በሰምና ወርቅ ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ተገልጠው ይነጻጸራሉ። በውስጠ ወይራ ግን ላይኛው ንግግር ሳይነካ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ ምሥጢሩ ከውስጥ ነው፣ ያልጠረጠረም ሳያየው ያልፋል። «ስፖኪዮውን ጋረድከው» እንዲህ ያለ ነው፦ ሙሉ ትርጉም ያለው የሹፌር ወሬ፣ ከሥሩ ደግሞ የሞት ዝግጅት። የዋሸራን የቅኔ መንገድ የሚያውቅ ጆሮ ይህን ፊልም ለማየት ጥሩ ስንቅ አለው።

ወደ ነውሩ ስንመጣ፣ ሳቁ በሟቹ ላይ ከሆነ አዎ፣ ነውር ነው። ፊልሙ ግን በሟች አያስቅም። የፖሊ ሬሳ አልተቀለደበትም፤ የሚያስቀው የገዳዩ ጨዋነት ነው። ከዚያም በላይ ኮፖላ ይህን ሳቅ ደረጃ በደረጃ ይነጥቀናል፤ ፊልሙን የምናከብረውም በዋናነት በዚህ ነው።

ሶኒና ክሌሜንዛ ማይክል «ሶሎዞንና የፖሊስ መኮንኑን እኔ ልግደላቸው» (ሶሎዞ ዶኑን ያስመታው ሰው ነው) ሲል የሳቁበትን ቦታ ያስታውሱ። ሶኒ ጠጋ ብሎ መተኮስ ምን እንደሚመስል እያሳየ የኮሌጅ ልጅነቱን ይቀልድበታል። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። ከሳቁ በፊት ማይክል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዕቅዱን ሲዘረዝር ካሜራው ቀስ እያለ ወደ እሱ ተጠግቶ ነበር። አይስቅም። ሳቁ ይቆማል። የግል ጉዳይ አይደለም፣ ሥራ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ውስጥ የሚያስቅ ነገር እያነሰ ይሄዳል፤ ሥልጣኑ የሚያልፈው ቀልድ ወደማያውቀው ሰው ነውና።

የመጨረሻው የክርስትናው ትዕይንት ነው። ማይክል የእህቱን የኮኒን ልጅ ክርስትና ያነሣል። ካህኑ «ሰይጣንን ክደሃልን?» ይለዋል፣ እሱም «ክጃለሁ» ይላል፤ በየመልሱ መሐል የሌሎቹ ቤተሰቦች አለቆች በእሱ ትእዛዝ ይገደላሉ፦ አንዱ በሊፍት በር፣ አንዱ በሚሽከረከር በር ውስጥ፣ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ በፍርድ ቤት ደረጃ ላይ። ዕለቱን የሕፃኑ አባት ካርሎም ይገደላል፤ ማይክል አበልጁን በክርስትናው ቀን ያስገድለዋል ማለት ነው። ከፍተኛ ምጸት ነው፣ ሳቅ ግን አይደለም። ክርስትና በአርባና በሰማንያ ቀን ሲነሣ ቆሞ ያየ የጎጃም ምእመን ይህን ክህደት ከማንም በላይ ይሰማዋል፤ እንዲሰማውም ነው የተሠራው።

ጥያቄ፦ ለፊልሙ የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። ጓደኞቼ ሲያዩት ማንም አይስቅም። የሚስቁት ደግሞ ያለ ቦታው ነው። ምን ላስተካክል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከልምድ የምናውቀው ቀልድ የሚሞተው በቃላት ምርጫ ሳይሆን በሰዓት ነው። ተመልካቹ ከተዋናዩ ቀድሞ ካነበበ ሳቁ ቀድሞ ያልቃል። «ሽጉጡን ተወው፣ ካኖሊውን ያዝ» የሚለውን በአንድ ሰብታይትል አስቀምጠው ከሆነ እዚያው ገድለውታል። ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው «ሽጉጡን ተወው።» ብቻ ይሁን፤ ይጥፋ። ክሌሜንዛ ሁለተኛውን ሊናገር አፉን ሲከፍት «ካኖሊውን ያዝ።» ይምጣ። የፖሊንም እንዲሁ፤ «ፖሊ?» ብቻውን፣ ቀሪው በኋላ።

ቪ.ኤል.ሲ. በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ሰብታይትሉ ከድምፁ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከሆነ የጂ እና የኤች ፊደል ቁልፎች በየጭነቱ 50 ሚሊ ሰከንድ ያሸሹታል። ይህ ግን ጠቅላላውን ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ መጀመሪያው ልክ ሆኖ መጨረሻው ላይ የሚዛባ ከሆነ ሰብታይትልዎ የተሠራው ለሌላ ፍጥነት ላለው ቅጂ ነው። ያንን በቁልፍ አያስተካክሉትም፤ ለፋይልዎ የሚገጥም መነሻ ይፈልጉ።

ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ ወይ ፋይሉ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (የፊደል አመዘጋገብ ዘዴ) አልተቀመጠም፣ ወይ የተመረጠው ፎንት ግዕዝ የለውም። ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ይምረጡ፣ በማጫወቻው የሰብታይትል ቅንብር ውስጥ ደግሞ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ያስገቡ። አንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ፣ በአንድ ጊዜም ከ2 መስመር ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ዓይን ታች ከቀረ ፊት አይታይም፣ የዚህ ፊልም ቀልድ ደግሞ ግማሹ ፊት ላይ ነው።

ማብራሪያ አይጨምሩ። ለሶኒ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ውስጥ የተጠቀለለ ዓሣ ሲመጣለት ክሌሜንዛ «የሲሲሊ መልእክት ነው፤ ሉካ ብራዚ ከዓሦች ጋር ተኝቷል» ይላል። እንዲሁ ይተዉት። በቅንፍ «ተገድሏል» ብለው ቢጽፉ ትዕይንቱን ይቀሙታል፤ ጣና ዳር ያደገ ተመልካች ዓሣና ሬሳ ውሃ ውስጥ አብረው ሲታሰቡ ለመረዳት እርዳታ አያስፈልገውም።

ደግሞም ማይክል ሶሎዞንና መኮንኑን በሚገድልበት ምግብ ቤት ውስጥ ሶሎዞና ማይክል በጣሊያንኛ የሚነጋገሩበት ቦታ ሰብታይትል የጠፋው በስሕተት አይደለም፤ ዋናው ፊልም ላይም የለም። ባዶ ይተዉት። ቃሉን ስለማንረዳ የምናየው የማይክልን ዓይን ነው፤ የባቡሩ ጩኸት እየጨመረ ሲመጣም እንሰማለን። ከዚያ በፊት ያለችውን አጭር ንግግር ግን በጥንቃቄ ይተርጉሟት፦ የፖሊስ መኮንኑ የምግቡን ጥሩነት ይጠይቃል፣ ሶሎዞ «የጥጃ ሥጋውን ሞክር፣ በከተማው ውስጥ ከሱ የሚበልጥ የለም» ይለዋል። መኮንኑ ያችኑ ሥጋ እየበላ ነው የሚሞተው።

ጥያቄ፦ የፊልም ክበባችን በፕሮጀክተር ሊያሳየው አስቧል። ባለፈው ሌላ የድሮ ፊልም ስናሳይ ምስሉ ጭልም ብሎ ሰው በየመሐሉ ወጣ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይህ ፊልም ሆን ተብሎ ጨለማ ነው። ካሜራውን የመራው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከላይ አድርጎት የብራንዶ ዓይኖች ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ አዳራሹን ማጨለም ግዴታ ነው። መስኮቱን በቀጭን መጋረጃ ሳይሆን በጥቁር ጨርቅ ወይም በካርቶን ሸፍኑ፣ የበሩንም ስንጥቅ አትርሱ። ፕሮጀክተሩ ላይ ብሩህነቱን ወደ ላይ መግፋት አይጠቅምም፤ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል እንጂ ፊት አያወጣም። ይልቅ ፕሮጀክተሩን አቅርባችሁ ምስሉን አሳንሱት፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ያው ብርሃን በሩብ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፣ አራት እጥፍ ይደምቃል።

ርዝመቱ 175 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ብትጀምሩ 15 ደቂቃ ዕረፍት ጨምሮ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ያልቃል፣ ሰውም ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ዕረፍቱን ከምግብ ቤቱ ግድያ በኋላ አድርጉት፤ ከፊልሙ እኩሌታ አካባቢ ነው። ከክርስትናው አጠገብ ግን ምንም ቢሆን አታቁሙ። መብራት ቢጠፋ ሲመለስ ካቆመበት ሳይሆን ከ2 ደቂቃ ወደ ኋላ ጀምሩ፤ የቀልዱ መነሻ የሆነው ተራ ወሬ ሁልጊዜ ቀደም ብሎ ነው የሚባለው።

በማይክ እየተረጎመ የሚያጅብ ሰው አታቁሙ። ጎበዝ ተርጓሚ ለድብድብ ፊልም ነፍስ ይሰጣል፤ ዝምታውን ግን መሙላቱ አይቀርም፣ ይህ ፊልም ደግሞ ዝምታው ከተሞላ ምንም አይቀረውም። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ንገሩ፦ ካኖሊ ምን እንደሆነ፣ ቦናሴራ ሬሳ አዘጋጅ መሆኑን፣ ፖሊ የሚባለው ሹፌር የቱ እንደሆነ። ለዕድሜም ጥንቃቄ አድርጉ፤ የተቆረጠ የፈረስ ራስ፣ ባል ሚስቱን የሚደበድብበት ረጅም ትዕይንትና በሲሲሊው ሠርግ ሌሊት አጭር እርቃን አለ። ለታዳጊ ተማሪዎች አታሳዩት።

ጥያቄ፦ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ያለባቸው ሌሎች የወንጀል ፊልሞች ጠቁሙኝ። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ «ዘ ሌዲኪለርስ»፣ የእ.ኤ.አ. 1955ቱን እንግሊዛዊ። አምስት ዘራፊዎች ሙዚቀኛ መስለው የአንዲት አሮጊት ቤት ይከራያሉ፣ ክፍላቸው ውስጥ ሸክላ እያጫወቱ ዝርፊያ ያቅዳሉ፤ አሮጊቷ ሻይ ይዛ በመጣች ቁጥር ቫዮሊናቸውን ያነሣሉ። ቀጥሎ የኮኤን ወንድማማቾች «ፋርጎ»፣ እ.ኤ.አ. 1996። እርጉዟ የፖሊስ አዛዥ በረዶ ላይ የግድያ ቦታ ስትመረምር ጎንበስ ትላለች፤ የሥራ ባልደረባዋ የሆነ ነገር ያየች መስሎት ይጠይቃታል፣ እሷ ግን «ሊያስመልሰኝ ነው» ትላለች፤ የጠዋት ሕመሟ ነው፤ ወዲያው ያልፍላትና እንደገና ራበኝ ትላለች። መግቢያው ላይ «እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ታሪኩ ፈጠራ ነው፣ ጽሑፉም የጨዋታው አካል ነው። አብሯችሁ ለሚያይ ሰው ይህን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ንገሩት።